አንድን የሰፈር ጥያቄ ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ከተማ ምክር ቤት ማድረስ፤ ለጅማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በአዌቱ ወንዝ ዳርና ዳር ባሉ ሰፈሮች የሚኖር የጅማ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ በበጋ ያልተጠረገ ቦይ በሐምሌ ጎርፉን ወደ ቤት ይመልሳል። ያን ጊዜ ጎረቤት ተጠራርቶ ወደ ቀበሌ ይሄዳል፤ ኃላፊውም «የዘንድሮው ዕቅድ ጸድቋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይታይላችኋል» ብሎ ይመልሳል። ሰዉ ይህን እንደ ሰበብ ቆጥሮ አዝኖ ይመለሳል እንጂ በአብዛኛው የተነገረው እውነት ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፣ በክረምት የሚያስፈልገው ሥራ የሚወሰነው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ስለ ጎርፍ ማንም በማያስብበት ወቅት ነው።

የዕድር ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። የሰፈራችን ሰው ስብሰባ ይወጣል፣ ይናገራል፣ አንዳንዴም እንባ እየተናነቀው ይናገራል፤ ከተናገረው ውስጥ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን ጥቂት ነው፣ ከሰፈረውም ወደ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው እንዴት እንደሚናገሩ ሳይሆን፣ የተናገሩት ነገር ውሳኔ ከሚሰጥበት ጠረጴዛ እስኪደርስ ድረስ እንዴት እንደሚከታተሉት ነው።

መጀመሪያ፤ ጥያቄው የማን እንደሆነ መለየት

ከቤት ሳይወጡ በፊት ጉዳዩ የየትኛው አካል ሥልጣን እንደሆነ ይለዩ። በጅማ የሁለት አስተዳደሮች መሥሪያ ቤቶች በአንድ ከተማ ውስጥ ስለሚገኙ ብዙ ሰው የጅማ ዞንንና የጅማ ከተማ አስተዳደርን ያምታታል። የከተማው መንገድ፣ ቦይ፣ ቆሻሻ አወጋገድ፣ የገበያ ቦታ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጉዳይ በከተማ አስተዳደሩ በኩል የሚታይ ነው። በአጋሮ ከተማ የሚኖር ወገን ተመሳሳይ ጥያቄ ሲኖረው የሚሄደው ወደ ራሱ ከተማ ነው እንጂ ወደ ጅማ አይደለም። የመብራት መቆራረጥና የስልክ መስመር ደግሞ በፌዴራል ድርጅቶች ሥር ስለሆኑ የከተማው ምክር ቤት በቀጥታ ሊወስንባቸው አይችልም፤ ግፋ ቢል ጉዳዩን በደብዳቤ ለሚመለከተው ያሳስባል። ይህንን ሳይለዩ የመጡ ሰዎች ግማሽ ቀን ተሰልፈው «ይህ የኛ አይደለም» ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ቀኑም ጉልበቱም ያሳዝናል።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር በምክር ቤትና በሥራ አስፈጻሚ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከንቲባው፣ ካቢኔውና የየዘርፉ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ የሚሠሩ አካላት ናቸው። ምክር ቤቱ ግን በአፈ-ጉባኤ የሚመራ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሲሆን፣ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ከሥራ አስፈጻሚው ሪፖርት ይሰማል፣ ይጠይቃል። የተሰበረ የውኃ ቧንቧ እንዲጠገን የሚፈልግ ሰው አገልግሎት ሰጪው ዘንድ መሄድ አለበት፤ ያው ቧንቧ በየወሩ እየተሰበረ መፍትሔ ካጣ ወይም ለሰፈሩ መስመር እንዲዘረጋ በጀት እንዲያዝ ከተፈለገ ግን ጉዳዩ የምክር ቤት ይሆናል። ሁሉንም ነገር ወደ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይዞ መሄድ የተለመደ ቢሆንም፣ ከንቲባውን ለመጠየቅ ሥልጣን የተሰጠው አካል ሌላ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሕጉ ለነዋሪው የሰጠው ቦታም አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል በዚያው አንቀጽ ተጽፏል። አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብትን ያረጋግጣሉ። እነዚህን አንቀጾች በስብሰባ ላይ መድረክ መሪውን ለመርታት መጥቀስ ብዙም አይጠቅምም፤ በደብዳቤ ውስጥ በአንድ መስመር ቢገቡ ግን ጥያቄው ልመና አለመሆኑን ያሳያሉ።

የቀበሌው ስብሰባ

ቀበሌ የከተማ ነዋሪው ለመንግሥት ቅርብ የሆነበት እርከን ነው። መነሻው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ የተቋቋመው አደረጃጀት ስሙ ተለዋውጦ እስከ ዛሬ ዘልቋል። የቀበሌ ስብሰባ የሚጠራው በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በድምፅ ማጉያ ወይም በመንደር ተወካዮች አማካይነት ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ቀኑን ብቻ ሳይሆን አጀንዳውን ያንብቡ፤ አጀንዳው «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚል ቃል ካለው ያልተጠቀሰ ጥያቄ ለማንሳት በር አለ ማለት ነው፣ ከሌለው ግን ከስብሰባው በፊት ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ አመልክተው አጀንዳ ማስያዝ ይሻላል።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። በጅማ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ሐሙስ የተጠራ ስብሰባ ቅቤ፣ ማር፣ ቡናና በርበሬ የሚሸጡ እናቶችን ከወዲሁ ከውሳኔ ውጭ ያደርጋቸዋል፤ ዓርብ ቀትር ላይ የተጠራ ስብሰባም የጁምዓ ሶላት የሚሰግደውን ያስቀራል። ስብሰባ በማይመች ቀን ከተጠራ ዕድሩ ወይም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀኑ እንዲቀየር ቀድመው መጠየቅ ይችላሉ፤ በትሕትና ከተጠየቀ እምቢ የሚል ሰብሳቢ እምብዛም አላጋጠመኝም።

የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ስብሰባውም ሆነ ወረቀቱ በዚያ ቋንቋ መካሄዱ የተለመደ ነው። ስብሰባው በአባቶች ምርቃት ይከፈታል፤ ምርቃቱ ሲባል ዝም ብሎ እጅ ዘርግቶ «አሜን» ማለት የአዳራሹ ወግ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው በአማርኛ ቢናገር ይሰማል፤ ጽሑፉን ግን በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጅለት ጎረቤት ወይም የሠፈር ወጣት ቢያገኝ ጉዳዩ በትርጉም ምክንያት አይጓተትም። ምክር ቤት «መነ ማሬ»፣ ቋሚ ኮሚቴ «ኮሬ ዻቢ»፣ አፈ-ጉባኤ «አፍያኢ»፣ ማመልከቻ «ኢያታ»፣ ቃለ ጉባኤ ደግሞ «ቀቦ ያኢ» እንደሚባሉ ያወቀ ሰው በየቢሮው በር ላይ የተለጠፈውን ለማንበብም ሆነ የሚፈልገውን ሰው ለመጠየቅ አይቸገርም።

ለመናገር ዕድል ሲሰጥዎ ከአራት ነገር አይለፉ፦ ቦታው የት እንደሆነ፣ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚጎዳ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚጠይቁ። «መንገዱ ተበላሽቷል፣ መብራት የለም፣ ሥራ አጥ በዝቷል» እያለ ሁሉንም የሚያነሳ ሰው ጭብጨባ ያገኝ ይሆናል፤ ጸሐፊው ግን ከሁሉም ውስጥ የትኛውን እንደሚጽፍ አያውቅም፣ በመጨረሻም «የመሠረተ ልማት ችግር ተነስቷል» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል።

ቃለ ጉባኤው

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የብዙ ጥያቄ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነውና። ከዓመታት በፊት በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ተነስተው፣ ቦዩ በተሰበረበት ቦታ የልጅ ልጃቸው ገብቶ እግሩ እንደተሰበረ ተናገሩ። ቦታውን በወፍጮ ቤቱ ምልክት አድርገው፣ ቀኑንም ጭምር ጠቅሰው ነበር የተናገሩት። አዳራሹ ጸጥ አለ። በወሩ ጉዳዩን ልከታተል ሄጄ ቃለ ጉባኤውን ሳይ የእማማ ነገር አንድም ቦታ የለም፤ የተጻፈው «ኅብረተሰቡ በዕለቱ በቀረበው ዕቅድ ላይ የጋራ መግባባት ላይ ደርሷል» የሚል ብቻ ነበር። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለመጻፍ የተሰጠው ነገር ዕቅዱ ነበር፣ ዕቅዱን ጻፈ። ያን ቀን ተነስቼ «የእማማ ቃል ይመዝገብልን» ባለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሲናገሩ ጨርሰው ከመቀመጥዎ በፊት «ያነሳሁት ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርልኝ እጠይቃለሁ» ይበሉ። ይህ ድፍረት አይደለም፣ የስብሰባ ሥርዓት ነው። ሐሳብዎን በግማሽ ገጽ ጽፈው ይዘው ከሄዱና በስብሰባው ማብቂያ ላይ ለጸሐፊው ከሰጡት ደግሞ ሥራውንም ያቀሉለታል። መድረክ መሪው በማጠቃለያው የተነሱትን ጥያቄዎች ሲደግም በጥሞና ያዳምጡ፤ የእርስዎ ከተዘለለ እጅዎን አውጥተው ያስታውሱ። በሳምንቱ ወደ ቀበሌው ሄደው ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ መዝገብ ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ፣ የስብሰባውን ቀንና የቃለ ጉባኤውን ቁጥር በማስታወሻዎ ይያዙ። ቀጥሎ የሚጻፈው ደብዳቤ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ነው።

ወደ ከተማው ምክር ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ

ከቀበሌው አቅም በላይ የሆነ ጉዳይ ወደ ከተማው ምክር ቤት አፈ-ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ይጻፋል። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። የእኛ ዕድር የሚጠቀምበት አጻጻፍ እንዲህ ያለ ነው፦

«ለጅማ ከተማ ምክር ቤት አፈ-ጉባኤ ጽሕፈት ቤት፤ ጅማ። ጉዳዩ፦ በቀበሌያችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲሠራ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ላይ ቦይ ባለመኖሩ በየክረምቱ የጎርፍ ውኃ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይገባል። ጉዳዩ በ… ቀን በተካሄደው የቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ተነስቶ በቃለ ጉባኤ ቁጥር … ተመዝግቧል። ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው ነዋሪዎች፣ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ቦታውን በአካል ተመልክቶ ጉዳዩን በዕቅድና በጀት ውይይት ላይ እንዲያቀርብልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከግርጌው ግልባጭ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤትና ለሚመለከተው የዘርፍ ጽሕፈት ቤት ይደረጋል። ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት ላይ የጥያቄው ርዕስ በየገጹ አናት መጻፍ አለበት፤ ርዕስ የሌለው የፊርማ ዝርዝር ለሌላ ጉዳይ ሊውል ይችላል የሚል ጥርጣሬ ያስነሳልና። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥተው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ማኅተም የሌለበት ቅጂ ይዞ «ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» ማለት ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥር ወር አይዘግዩ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ረቂቅ በየካቲትና በመጋቢት መልክ መያዝ ይጀምራል፤ ግንቦት ላይ የደረሰ ደብዳቤ በተዘጋጀ ሰነድ ላይ ቦታ መለመን ይሆናል።

ቋሚ ኮሚቴው

ምክር ቤቱ በሙሉ ጉባኤ የሚቀመጥባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በመካከሉ ያለውን ሥራ የሚሠሩት ቋሚ ኮሚቴዎቹ ናቸው፦ የበጀትና ፋይናንስ፣ የሕግና አስተዳደር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የከተማ ልማትና መሰል ዘርፎችን ተከፋፍለው ይይዛሉ። የዘርፍ ጽሕፈት ቤቶችን ሪፖርት ይመረምራሉ፣ የመስክ ምልከታ ያደርጋሉ፣ ግብረ መልስ በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ረቂቁ በጀት ጉባኤ ከመግባቱ በፊት ይወያዩበታል። ጉባኤው በተሰበሰበ ዕለት የሚሰማው ክርክር በአብዛኛው ከኮሚቴ የመጣ ነው። ስለዚህ ነዋሪ ኃይሉን ማዋል ያለበት በጉባኤው ቀን ላይ ሳይሆን በኮሚቴው ሳምንታት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤዎ በገባ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ አፈ-ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ሄደው ጉዳዩ ለየትኛው ኮሚቴ እንደተመራ ይጠይቁ። ከዚያም የኮሚቴውን ሰብሳቢ ለአጭር ጊዜ ማነጋገር ይቻላል። ከሦስት ሰው በላይ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሃያ ሰው ሲገባ ውይይት ወደ አቤቱታ ይለወጣል። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ያውም ቤቷ ጎርፍ የገባባት ብትሆን፣ ማንም ሊያስረዳው የማይችለውን ታስረዳለች።

የመስክ ምልከታ ሲመጣ በደንብ መዘጋጀት ይገባል። በአንድ ወቅት ወደ ሰፈራችን የመጣ ኮሚቴ በእጁ የያዘው ሪፖርት ቦዩ ሙሉ በሙሉ መጠረጉን ይገልጽ ነበር። ከላይ ሲታይም ሣር ታጭዶ ንጹሕ መስሏል። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ግን የያዘችውን ጃንጥላ ጫፍ ወደ ታች ሰደደችው፤ ጃንጥላው እስከ ግማሹ ድረስ ደለል ውስጥ ሰመጠ። አብሮ የመጣው ባለሙያ ምንም አላለም፤ ሪፖርቱን አጥፎ ኪሱ አስገባ። ከዚያ በኋላ ስለ መጠረግ የተከራከረ አልነበረም፣ ስለ መጥረጊያው ቀን ብቻ ነበር የተወያየነው። ከዚያ የተማርኩት ኮሚቴ ሲመጣ ሜትር፣ አካፋና በክረምት የተነሱ ፎቶግራፎች አዘጋጅቶ መጠበቅን ነው። ቡና አፍልቶ መቀበል መልካም የሀገራችን ወግ ነው፤ ቡናው ግን ቦታው ታይቶ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ ጊዜው በአዳራሽ አልቆ ቦታው ሳይታይ የቀረበትን ቀንም አስታውሳለሁና።

ኮሚቴው ነዋሪው ምን ያህል ያዋጣል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በብዙ ከተሞች የኮብል ስቶን መንገድ የተሠራው የሕዝብ መዋጮ ታክሎበት ስለሆነ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። መልሱን ቀድማችሁ በዕድር ተወያዩበት፤ ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ በደረሰኝ፣ ከሁለት ሰው በላይ ፊርማ በሚጠይቅ የባንክ ሒሳብ ይሁን፣ መክፈል ለማይችሉ አቅመ ደካሞችም ጉልበት ወይም ነፃ መሆን ይታሰብላቸው።

የጉባኤው ዕለት

በታዛቢነት መግባት የሚፈልግ ነዋሪ ቀደም ብሎ የአፈ-ጉባኤ ጽሕፈት ቤቱን ያስፈቅድ። በዕለቱ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ይረጋገጣል፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ ሪፖርት ይቀርባል፣ አባላት ይጠይቃሉ፣ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ያልፋል። ታዛቢ የመናገር ዕድል የለውም። ጥቅሙ የሰፈርዎ ተወካይ ተነስቶ መጠየቅ አለመጠየቁን በዓይንዎ ማየትና የከንቲባውን ወይም የጽሕፈት ቤት ኃላፊውን መልስ ቃል በቃል መጻፍ ነው፤ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይጀመራል» የተባለው ነገር ከቀኑ ጋር በማስታወሻዎ ካለ፣ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ተወካይዎ ያንኑ ይዞ እንዲጠይቅ ማሳሰብ ይቻላል።

ቦታና ይዞታን የሚነካ ጉዳይ ሲሆን

የኮሪደር ልማትና የወንዝ ዳር ሥራ በከተማችን ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍበት ያዛል፤ ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ ካርታው ላይ የራስዎን ሰፈር ፈልገው ይመልከቱ፣ ያልገባዎት ቀለም ካለ ባለሙያውን ይጠይቁ። ይዞታን ስለማስለቀቅና ካሳ ስለመክፈል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎችን አስቀድሞ ማማከር እንደሚገባ የሚደነግግ ሲሆን፣ ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት። ይህ የጊዜ ገደብ ስብሰባ ሲጠበቅ ሊያልፍ የሚችል ነው። ስለዚህ በጋራ መወያየቱ እንዳለ ሆኖ የግል አቤቱታዎን ለብቻው፣ በቀኑ ያስገቡ።

መልስ ሲዘገይ

ዝም ከተባሉ መረጃ ይጠይቁ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ እንዲሰጠው በጽሑፍም በቃልም መጠየቅ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፣ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት ይኖርበታል። የሚጠየቀው ነገር ተለይቶ ይጻፍ፦ «ስለ ቦያችን ማወቅ እንፈልጋለን» ሳይሆን «በዚህ ዓመት ለቀበሌያችን ለቦይ ግንባታ የተያዘው በጀት ስንት ብር ነው? እስከ ዛሬስ ስንቱ ወጪ ሆኗል?» ተብሎ። በጽሕፈት ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የበጀትና የወጪ ሠንጠረዥም ቆመው ያንብቡት፤ አንዳንዴ የምንለምነው መረጃ አጠገባችን ተለጥፎ ይገኛል። በአስተዳደር በደል ምክንያት መብት ተነክቷል ብሎ የሚያምን ሰው፣ በየደረጃው ለቅሬታ ሰሚ አቅርቦ መፍትሔ ካጣ፣ ጉዳዩን ማኅተም ካረፈባቸው ቅጂዎች ጋር ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።

ሥራው ተጀምሮ ከሆነ ደግሞ ክትትሉ አይቋረጥ። ከዕድሩ ሁለት ሰው ይመደብ፤ የቦዩ ጥልቀትና ስፋት በዕቅዱ ላይ ስንት እንደሆነ ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቀው ይያዙ፣ ሲሚንቶው ሲቦካ በየመሐሉ ይዩ፣ የታየውን ጉድለት ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በዚያው ቀን ይንገሩ። ርክክብ የሚደረግበትን ቀን አስቀድመው ያጣሩ፤ በዚያ ቀን ሜትር ይዘው ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ድረስ አብረው ይራመዱ፣ የለኩትንም በርክክቡ ሰነድ ላይ አስተያየት አድርገው ያስጽፉ።